የመርፌው ቀይ ካርድ

አባቴ በሬዲዮ «የሚሞተው ይሞታል፤ እናንተ ኳሳችንን አምጡ» ሲል ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አገር ምድሩ ሰምቶታል። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንዴ ከአፉ፣ አንዴ መደርደሪያው ላይ ካለው ሬዲዮ፣ ትንሽ ዘግይቶ። ወደ ሬዲዮ የሚደውል ሰው አጠገብ የቆመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሰውየው ይናገራል፤ ከዚያ ሌላ ሰው የሆነ ይመስል ያንኑ ይደግመዋል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር፤ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ እንኖራለን። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እጅጌ ያልተገጠመላቸው ኮቶች፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማይዘጋ የስፖርት ጣቢያ። በጣቢያው ላይ ስሙ «መርፌው» ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይደውላል። የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ስለሆነና ሰማያዊዎቹ ማሸነፍ ስለማያውቁ የሚናደድበት ነገር አጥቶ አያውቅም። አዘጋጁን «ፉጨቱ» ይሉታል፤ ስልክ የሚቀበለው የዳኛ ፊሽካ ይዞ ነው። ደዋይ መስመር ሲስት ይነፋል፤ ቢጫ። ሲደግም ቀይ። ቀይ ያየ ደዋይ ለአንድ ሳምንት ድምፁ አይሰማም። አባቴ በዚያ ዓመት ብቻ ስድስት ቀይ ነበረው። ደንበኞቹ ኮት ሊለኩ ሲመጡ «መርፌው፣ ቅጣትህን ጨረስክ?» ይሉታል፤ እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ይግባኝ ብያለሁ» ይላል።

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት አለ። ባለፎቶው የቀዮቹ ደጋፊ ነው። ቀዮቹ ባሸነፉ ቁጥር ፊቱን አጥቁሮ ተሻግሮ ይመጣና «እግዜር ያጽናህ፤ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ቀዮቹ ሲሸነፉ ደግሞ አባቴ ይሻገራል፤ «ቡድንህን አንድ ፎቶ አንሳው፣ ለማስታወሻ። ነገ ላታገኘው ትችላለህ።» ሁለቱ ሳይሰዳደቡ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እሱን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱ እትዬ ስለሚላት እኔም እትዬ ነው የምላት። ሱቁ ውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትዘመዝማለች። በዚያ ዓመት ፊቷ አመድ መስሎ፣ እግሯ አብጦ፣ ጫማ አልገባላት ሲል የአባቴን ነጠላ ጫማ አድርጋ ትውላለች። ለጎረቤት «ደም ማነስ ነው» እንላለን። ቤት ውስጥ ግን የሚወራው ስለ ተራ ነበር። «ተራ ደረሰ?» «ገና ነው።» «ስንት ሰው ይቀድማታል?» ከዚያ እኔን ያዩና ዝም ይላሉ። የኩላሊት እጥበት ሲባል ኩላሊቷን አውጥተው በሳሙና አጥበው፣ አስጥተው የሚመልሱላት ይመስለኝ ነበር። ተራው የማይደርሰውም የማስጫ ገመዱ ሞልቶ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ቅዳሜ ነበር። ጣቢያው ለመንግሥት ሆስፒታሉ የእጥበት ማሽን መግዣ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ሊያሰባስብ መደበኛ ፕሮግራሙን አጥፏል። ያውም ከሰዓት በኋላ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ በሚጋጠሙበት ቀን። ሰው እየደወለ ውጤት የሚገምትበት ሰዓት እንኳን ቀረ። አድማጩ እንዴት እንደተቀበለው ከጠዋቱ ጀምሮ ይሰማ ነበር።

«ሄሎ፣ ፉጨቱ፣ እኛ ኳስ ብለን ነው የከፈትነው። ለቅሶ ከሆነ ሰፈራችን ሞልቷል።»

ፊሽካ። «ቢጫ! ስንት ልመዝግብልህ?»

«ምንም። የአጥቂያችን ጉልበት እንዴት ሆነ? እሱን ንገሩን።»

አንዱ ደግሞ «ቀዮቹ ሳይሰጡ እኛ አንሰጥም» አለ። ሌላው «በሽታው የሚይዘው የየትኛውን ደጋፊ ነው?» ብሎ ሳቀ። ፉጨቱ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ፊሽካው ግን እየደከመ ሄደ። ቁጥሩን በዘፈን ደጋግመው ያሰማሉ፤ ስልኩ አይጮኽም። እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እንዲህ ከሆነ በዚህ ገንዘብ የሚገዛው የማሽኑ ሶኬት ነው» አለች። አባቴ አልሳቀም።

ከዚያ እንግዳ አስገቡ፤ ሐኪም። ድምፁ ቀስ ያለ፣ ትክክለኛ ሰው። ተራ ከሚጠብቁት አሥር ሰዎች አራቱ ተራቸው ሳይደርስ እንደሚሞቱ ተናገረ። ፉጨቱም ሰው ልቡ ይነካ ብሎ ነው መሰል «እስቲ ዶክተር፣ እንዴት ነው የሚሆኑት?» አለው። ዶክተሩም ይነግረው ጀመር። መጀመሪያ እግር ያብጣል አለ። ቀጥሎ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ተኝቶ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ተቀምጦ ማደር ይጀምራል።

የእትዬን እግር አየሁ። እትዬ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ለጀርባዋ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር የተነገረኝ።

አባቴ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጥ ጀመር። በኃይል ይረግጣል፤ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ከመርፌው ሥር ምንም ጨርቅ አልነበረም። መኪናው ባዶውን ይሰፋል። በንዴት ሥራውን የረሳ መሰለኝ።

ሬዲዮውን ሊዘጋ ተነሳ።

«ተወው» አለች እትዬ። «የራሴን ወሬ እንኳን ልስማበት እንጂ።»

እዚያው ቆሞ ሞባይሉን አወጣ። የጣቢያው ስልክ ሥራ ፈት ስለነበረ ወዲያው አገኛቸው።

«መርፌው!» አለ ፉጨቱ፤ ደስ አለው። «መስመር ላይ ነህ። ስንት እንመዝግብልህ?»

«ዝጉት!» አለ አባቴ። «ይሄ የስፖርት ጣቢያ ነው ወይስ የመቃብር ቤት? ዝጉት እላለሁ! የሚሞተው ይሞታል። እናንተ ስላወራችሁ የሚድን የለም። ኳሳችንን አምጡ!»

ፊሽካው በረጅሙ ተነፋ። «ቀይ! ቀይ ነው መርፌው! ውጣ!»

አባቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እትዬን አላያትም፤ እኔንም አላየኝም። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩን ቶሎ ፈታሁት፤ የግምት ሰዓቱ ስለቀረበት ነው። አባቴ ከእህቱ ይልቅ ሰማያዊዎቹን ይወዳል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ነደደ።

«እኔ ኳስ አላውቅም» አለች አንዲት ሴት። «ባለቤቴ ከፍቶት ወጥቶ ነው። ድስቴን ጥጄ ነው የምደውለው። ያ ልብ የሌለው ሰውዬ ይሰማኛል? ይስማኝ! በስሙ መዝግቡልኝ። ከመርፌው ብላችሁ መዝግቡ፣ ይቃጠል!»

«እኛ የመናኸሪያ ሾፌሮች ነን፣ አሥራ አንድ ነን። የዛሬ ገቢያችንን እሱን ለማናደድ ሰጥተናል።»

«የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነኝ። እሱ እኛን አይወክልም። እጥፍ አድርጉልኝ፣ አፍሬያለሁ።»

«ቀዮቹ ነን። እኛ ደግሞ አላፈርንም፤ ድሮም ሰማያዊ ከዚህ አይዘልም። የእነሱን እጥፍ ጻፉ!»

ፉጨቱ መመዝገብ አቃተው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ለሰዎቹ በልቤ አጨበጨብኩላቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአባቴ ሞባይል ጮኸ። እሱ የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት። «ማ? … አንተ ነህ? ቀይ ሰጥተኸኝ የለም እንዴ? … ምን? … ደግሞ? … አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? አላደርገውም። እዚሁ እኮ ናት፣ አጠገቤ።»

እትዬ ተነስታ ነጠላ ጫማውን እየጎተተች ሄደችና እጇን ዘረጋች። «አምጣው እስቲ» አለች። ሁለቱም ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። በቀዳዳው አየሁ። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሻርፗ አፏን ይዛለች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጭኗ ላይ የልብስ ንድፍ የሚሣልበት ወረቀት አለ፤ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግማ ትጽፋለች። ሰዎች ሊሞቱ ሲሉ የሚጽፉት ወረቀት እንዳለ ሰምቼ ነበር። እሱን መሰለኝ።

አባቴ ወጥቶ እንደገና ደወለ። «ቅጣቱ በልዩ ውሳኔ ለአንድ ቀን ተነስቷል» አለ ፉጨቱ፤ «ሰው ይፍረደው።»

«ቀይ ሰጠኸኝ፤ አንተ ግን ቀይ ለማን እንደሚሰጥ አታውቅም» አለ አባቴ። «ለዚህ ሁሉ ሰው ማሽን ከምትገዙ ለሰማያዊዎቹ በረኛ ግዙ። የባሰበት በሽተኛ እሱ ነው፤ አንድ ኳስ መያዝ አቅቶት ተኝቷል!»

ሦስተኛው ጥሪ ከዚህም ይከፋል፤ አልደግመውም። ሦስተኛው ላይ ነው መንገዱን የተሻገርኩት።

ባለፎቶው ሬዲዮውን ከፍቶ ቆሟል። የተለመደ ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም። «አባትሽን ዛሬ ምን ነካው?» አለኝ።

«ስልክ ልደውል። ለእማዬ።» እናቴ መናኸሪያ ትኬት ትቆርጣለች፤ ቅዳሜም ትሠራለች።

ስልኩን ገፋልኝ። የጣቢያውን ቁጥር ከዘፈኑ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንዲት ልጅ አነሳች።

«የማን ደጋፊ ነሽ?»

«የእትዬ» አልኩ።

ሳቀች። ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ የፉጨቱ ድምፅ መጣ፤ ከጀርባዬም ከባለፎቶው ሬዲዮ ያው ድምፅ ይመጣል። የተናገርኩት ይህ ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንዳልረሳው የሚያስታውሱኝ ሰዎችም ለዓመታት አልጠፉም። «መርፌው አባቴ ነው። እትዬ ኩላሊቷን ታማለች። እህቱ ናት፣ ያሳደገችው። እኛ ቤት ናት፣ እግሯ አብጧል፣ እሱ የሚለውን ሁሉ እየሰማች ነው። እባካችሁ ለሁልጊዜ የሚሆን ቀይ ስጡት።»

ፊሽካ አልተነፋም። ሬዲዮው ዝም አለ። ቢያንስ አምስት ሰከንድ፤ ሬዲዮ ላይ አምስት ሰከንድ ረጅም ነው። ከዚያ ፉጨቱ በሌላ ድምፅ «ልጄ፣ ስልኩን አጠገብሽ ላለ ትልቅ ሰው ስጪ» አለኝ። ባለፎቶው ከእጄ ወስዶ ዘጋው። እኔ ያፈረልን መስሎኝ ነበር። አፍሮ ነበር እውነትም።

ከዚያ በኋላ ጣቢያው የኳሱን ጨዋታ ራሱ በየደቂቃው እያቋረጠ የለጋሽ ስም ሲያነብ ዋለ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ማሽን የሚገዛ ቃል ተገብቷል አሉ። ሰማያዊዎቹም አሸነፉ፤ በሦስት ዓመት የመጀመሪያቸው። አባቴ ግን ሊያሾፍበት ተሻግሮ አልሄደም፤ ባለፎቶውም አልመጣም።

ቤት ስገባ ይመታኛል ብዬ ነበር። ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። «ምሳ በልተሻል?» ብቻ አለኝ። ጥፋቱን ያወቀ ሰው እንዲህ ይሆናል አልኩ በልቤ። እትዬ «ነይ ሚጣ፣ ቁልፍ ልቀሚልኝ» አለችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጭንቅላቴን ደባበሰችኝ። እኔ አድኛት ነበርና የሚገባኝ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደንበኞች መምጣት ጀመሩ፤ ጨርቃቸውን ሊወስዱ። አንዱ ለወንድሙ ሠርግ ያዘዘውን ሱፍ፣ ግማሹ ተቆርጦ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወሰደ። «ሌላ ቦታ አሰፋለሁ» አለ፤ «እህቱን ለቀብር የሰጠ ሰው የሰፋውን ለብሼ ሠርግ አልቆምም።» አባቴ የተረፈውን ቁራጭ ጭምር አጣጥፎ ሰጠው። አንዲት ሴት ደጃፋችን ላይ ምራቋን ተፋች። ባለፎቶው መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላምታ ነሳው። ይህ ሁሉ ፍርድ ነው ብዬ አየሁት። በኩራት አይደለም፤ ይሁን እንጂ በእርካታ።

አንድ ቀን እናቴ እራት እየሠራች «ወሩ እስኪያልቅ ቻለው» ስትለው ሰማሁ። የቤት ኪራይ መስሎኝ ነበር። ወሩ አለቀ። በየስልኩ ቃል የተገባው ገንዘብ ባንክ የሚገባው በአንድ ወር ውስጥ እንደነበረ፣ ሰዎቹ እንደተሸወዱ ቢያውቁ ግማሹ እንደማይገባ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የእትዬ ተራ ደረሰ። ሱቁ ግን ሰው አልመጣበት አለ። አባቴ የፊት ክፍሉን ዘግቶ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በጅምላ መስፋት ጀመረ፤ ሻርፕና ቦርሳ እንደሚገዛ ሁሉ ዩኒፎርም የሚገዛ ሰው ሰፊው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። በዓመቱ ያው ፕሮግራም ሲመጣ አባቴ እንደገና ደወለ፤ እንደገና ያንኑ አስቀያሚ ነገር ተናገረ። በሦስተኛውም ዓመት። እኔ በእነዚያ ቀናት ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልበላም ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እትዬን ወደ ሆስፒታል የማመላልሳት እኔ ሆንኩ። ማሽኑ አራት ሰዓት ይፈጃል። አጠገቧ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ደሟ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ይገባል። ሳሙና የለም፤ ገመድ የለም። አንድ ቀን ዓመታዊው ፕሮግራም መቃረቡን ነርሷ አነሳች፤ እኔም «ደግሞ ሊያዋርደን ነው» ብዬ አጉረመረምኩ። እትዬ ነርሷ እስክትሄድ ጠበቀች።

«አንቺ እስካሁን አታውቂም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«በረኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እሷ በነጻው እጇ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። ያ ትከሻ። በመጋረጃው ቀዳዳ ያየሁት።

«አልቅሰሽ ነበር እኮ» አልኳት።

«ማን ነው ያለቀሰው? ሳቄን አልችል ብዬ ነው እንጂ! አባትሽ እኮ ክፋት አያውቅበትም። ‹እንደዚህ በል› ስለው ‹ይሄስ በዛ፣ ይሄስ ነውር ነው› እያለ ሰዓት ሊያስመልጠን።»

«የመጀመሪያውንስ? ‹የሚሞተው ይሞታል› ያለውን?»

ሳቋ ቆመ። «እሱ የራሱ ነው። ከልቡ ነው። ዶክተሩ እንዴት እንደምሞት ሲተርክ እንዳልሰማ ብሎ ነው። ዝጉት ለማለት ነው የደወለው፤ አፉ ላይ የመጣለት ያ ሆነ።» ብርድ ልብሷን ሳበች። «ከዚያ ፉጨቱ ደወለ። ‹የሰው ልጅ በእዝነት ያልሰጠውን በእልህ እየሰጠ ነው፣ መርፌውን መልሱልኝ› አለ። ሰው እልህ ሲይዘው እጁ ይፈታል፤ እኔ ምን ላድርግ፣ እንዲህ ነው የተፈጠርነው። ደውል አልኩት። እንቢ አለ። ‹ያሳደግኩህ ለመች ነው?› አልኩት።»

«እኔስ የደወልኩት?»

«ያንቺን ማንም አልጻፈውም» አለች እትዬ። ለማባበል የምትቸኩል ሴት አልነበረችም። «ከሁሉም ብዙ ያመጣው ያንቺ ነው። ሦስተኛውን ማሽን አንቺ ነሽ የገዛሽው። ሱቁንም አንቺ ነሽ የዘጋሽው። መርፌው ክፉ አፍ አለው ብሎ ሰው ይረሳ ነበር። እህቱ አጠገቡ እንደነበረች ስትናገሪ ነው የሚረሳ ያልሆነው። ሁለቱንም ያዢው፤ አንዱን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።»

ያን ቀን ከእሷ ጋር ወደ ቤት ስመለስ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ቤት ስንደርስ አባቴ የዩኒፎርም ኮሌታ አርባውን ደራርቦ በአንዴ እየቆረጠ ነበር።

«እትዬ ነገረችኝ» አልኩት።

መቀሱን አላቆመም። «ምላሷ መቼም አይታመም» አለ።

«ለሌላው ይሁን። ለእኔ እንኳን አትነግረኝም? ስድስት ዓመት ሙሉ!»

«ላንቺ?» ቀና አለ። «የጣቢያውን ስልክ በቃልሽ ይዘሽ ለምትዞሪው?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ይበልጥ የተናደድኩትም በመሳቄ ነበር። «አሁኑኑ ተሻግሬ ለባለፎቶው እነግረዋለሁ።»

«ቁጭ በይ።»

«ለምን? ስድስት ዓመት ሰላም አላለህም!»

«አላለኝም። ግን በየዓመቱ ከሰፈሩ መጀመሪያ የሚደውለው እሱ ነው። ‹ለመርፌው ይድረስ› ብሎ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ ማጣሪያ ይበላል፣ መድኃኒት ይበላል፤ ከእትዬ ጋር ስንት ሰው እንደሚተኛበት አይተሻል። ብትነግሪው መስጠቱን ይተው ይሆን?»

«ምናልባት አይተውም።»

«ምናልባት ደም አያጥብም» አለ አባቴ።

እሱ ኮሌታዎቹን አስተካክሎ ደረደረና የንድፍ ወረቀት ቀዶ ከእርሳስ ጋር ገፋልኝ።

«ይልቅ ቅዳሜ ደርሷል። የዘንድሮው ገና አልተጻፈም፤ እትዬ ሐሳብ አልቆባታል። አንቺ በድርሰት አንደኛ ነሽ ይላሉ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጽፌ ሰጠሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው። «ይሄ ደግ ሰው ነው» አለና ቀደደው። ሁለተኛውን ስጽፍ ያቺን ደጃፋችን ላይ የተፋችውን ሴት አሰብኩ፤ ባለ ሱፉን አሰብኩ፤ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ታጨበጭብ የነበረችውን ልጅ አሰብኩ፤ እነዚህን ሁሉ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሊያስከትት የሚችል ምን እንደሆነ አሰብኩ።

አባቴ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አስተካከለው።

«ይሄ ያስጠላል» አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያመሰገነኝ ቀን የለም።